የአልጋ ሥር ቤተ መጻሕፍት

ቤቴ ውስጥ ሁለት ቤተ መጻሕፍት አሉ።

አንደኛው ሳሎን፣ ከቡፌው ጎን የቆመው ባለ አምስት ደርብ መደርደሪያ ነው። እንግዳ ገብቶ ገና ሳይቀመጥ ዓይኑ እዚያ ላይ እንዲያርፍ ሆን ብዬ ነው ያቆምኩት። ታሪክ አለ፣ ፍልስፍና አለ፣ ሲይዟቸው ክንድ የሚያዝሉ የሩሲያ ደራስያን አሉ፣ ርዕሱን ብቻ አንብቦ ለመጨረስ መሃል ላይ ትንፋሽ መሰብሰብ የሚጠይቅ የኢኮኖሚ መጽሐፍም አለ። ሁለተኛው ቤተ መጻሕፍቴ አልጋ ሥር ነው። ሁለት ካርቶን ነው፤ አንዱ የማካሮኒ፣ አንዱ የሳሙና። እዚያ ውስጥ ያሉት ጥጋቸው የታጠፈ፣ ቡና የፈሰሰባቸው፣ ከፊሎቹ ሽፋናቸውን የጣሉ የፍቅርና የወንጀል ልቦለዶች ናቸው። ሽፋን ያላቸውም ቢሆኑ ባይኖራቸው ይሻል ነበር፦ አንዲት ፀጉሯ የተበተነ ሴት፣ አንድ ሽጉጥ፣ ከኋላ የምትጠልቅ ፀሐይ።

የሁለቱ ልዩነት ምንድን ነው ብትሉኝ መልሱ አጭር ነው። የአልጋ ሥሮቹን አንብቤያቸዋለሁ።

የሳሎኖቹን ጨርሶ አልከፈትኳቸውም ማለቴ አይደለም። ሁሉንም ጀምሬያቸዋለሁ። ገጽ 37 አካባቢ የውኃ ወይም የመብራት ደረሰኝ ተሰክቶባቸዋል። ደረሰኙ ላይ ያለውን ቀን አይታችሁ ከየትኛው ፈላስፋ ጋር መቼ እንደ ተለያየን ማወቅ ትችላላችሁ።

እናቴ ቡፌ ውስጥ ጠርዛቸው ወርቅማ የሆነ ስድስት ብርጭቆዎች ነበሯት። ለትልቅ እንግዳ ተብለው የተቀመጡ ናቸው። ያ ትልቅ እንግዳ ሳይመጣ እኛ ልጆቿ አድገን ከቤት ወጣን። በየቀኑ ውኃ የምንጠጣው ጓዳ ባለው፣ ጆሮው በወለቀ ኩባያ ነበር። ታዲያ እኔም የእናቴ ልጅ ነኝ፤ ለሰው የማሳየው ቶልስቶይን ነው፣ ጥሜን የምቆርጠው ግን በጆሮ የለሹ ኩባያ ነው።

አመሉ የጀመረኝ በልጅነቴ ነው። ሰፈራችን ውስጥ መጽሐፍ የሚያከራይ አንድ ባለ ሱቅ ነበር። ሰውየው ንግድ የገባው ሰው ነበር፤ መጽሐፉን ለአንድ ሌሊት ያከራይሃል፣ ሌሊቱን የምታነብበትን ሻማ ደግሞ ይሸጥልሃል። ጠዋት ካልመለስክ የሌላ ቀን ኪራይ ይቆጠርብሃል። ስለዚህ ሦስት መቶ ገጽ በአንድ ሻማ መጨረስ ነበረብን። የሚያቀርበው የአማርኛ ልቦለድ ሲያልቅብን ወደ እንግሊዝኛው ተሻገርን፤ እኔ እንግሊዝኛ የተማርኩት ከትምህርት ቤት ይልቅ ከሲድኒ ሼልደን ነው። ሼልደን ወደ ልቦለድ ከመምጣቱ በፊት የፊልም ጸሐፊ ነበር፣ በዚያም ሙያው ኦስካር ተሸልሟል። የመጀመሪያ ልቦለዱ እ.ኤ.አ. በ1970 ሲታተም ዕድሜው ሃምሳን አልፎ ነበር። ምዕራፍ ሲዘጋ እንደ ፊልም ሰው በሩን ገርበብ አድርጎ ነው የሚተወው፤ ሳትገፋው አታልፍም። በእሱ ምክንያት «ውርስ»፣ «መርዝ»፣ «ጠበቃ» እና «ቁማር» የሚሉትን በእንግሊዝኛ ጠንቅቄ አውቃለሁ። ማረሻ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ግን ዛሬም ሰው ካልነገረኝ አላውቅም።

የኪራይ መጽሐፍ አንድ ክፉ በሽታ ነበረው። ከእጅ እጅ ሲዘዋወር መጀመሪያ የሚረግፉት የመጨረሻዎቹ ገጾች ናቸው። አንድ የወንጀል ልቦለድ ነበር፤ ሟቹ ሀብታም በገጽ 5 ይሞታል፣ መርማሪው ሁሉንም ሳሎን ሰብስቦ «ገዳዩ ከመካከላችሁ አንዱ ነው» ሲል ወረቀቱ ያልቃል። ሰፈሩ በሙሉ ለሁለት ተከፈለ። ፀጉር አስተካካዩ ጠበቃው ነው አለ፣ ልብስ ሰፊው ሚስቲቱ ናት ብሎ ማለ። አንድ ጎረምሳ ደግሞ ሙሉውን መጽሐፍ ሌላ ሰፈር አግኝቼ አንብቤዋለሁ እያለ የገዳዩን ስም በሃምሳ ሳንቲም ይሸጥ ጀመር። ለእኔ ዶክተሩ ነው ብሎ ሸጠልኝ። ማታ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ስንጨቃጨቅ ለእሱ አትክልተኛው ነው ብሎ እንደ ሸጠለት ታወቀ። እስከ ዛሬ ገዳዩን አላውቀውም፤ አንዳንድ ሌሊት ብንን ብዬ አስበዋለሁ። ገጽ 37 ላይ ስለ ተውኳቸው ፈላስፎች ግን አንድም ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ አላውቅም። ምን ብለው እንደሚጨርሱ ለማወቅ ሃምሳ ሳንቲም የምከፍል አይመስለኝም።

ታዲያ ለምን አፍራለሁ? ይህን ጥያቄ ለራሴ ባቀረብኩ ቁጥር ጥሩ ጥሩ መከራከሪያ ይመጣልኛል፤ ችግሩ የሚመጣልኝ ብቻዬን ስሆን ነው። ለምሳሌ የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ የሚባለውን የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን ሥራ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ «ልብ ወለድ ታሪክ» ተብሎ ታተመ፤ በኋላ «ጦቢያ» ተባለ፤ ልቦለድ የምንለው ቃል ራሱ ከዚያ ርዕስ ወርዶ የቀረ ነው። ውስጡ ምን አለ? መንታ ወንድምና እኅት አሉ። ወንድምየው ለባርነት ይሸጣል። እኅትየዋ ወንድ መስላ ለብሳ ፍለጋ ትወጣለች። ወንድ መስላት በፍቅር የምትወድቅባት ሴት ትገኛለች። በመጨረሻም ሠርግ አለ፣ ያውም ከንጉሥ ጋር። እስቲ አሁን አንድ ወጣት ይህንኑ ጽፎ ያምጣና ካፌ ከምሰበሰባቸው ወዳጆቼ ፊት ያስቀምጠው! ማኪያቷቸው ሳይበርድ «ተራ» ብለው ይመልሱለታል። አፈወርቅን ግን መቶ ዓመት አስከብሯቸዋል፤ ዛሬ ፈተና ይወጣባቸዋል።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ንም ብንወስድ ያው ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣ ታላቅ መጽሐፍ ነው፣ ማን ይክዳል። ነገር ግን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ጆሮውን ቀስሮ የሚያዳምጠው ሰው ሁሉ የፊውዳሉን ሥርዓት ትንተና ፈልጎ ነበር ቢሉኝ አልቀበልም። ሰብለ እና በዛብህ ተገናኙ ወይስ አልተገናኙም ነው ነገሩ። ትንተናው እኛ ሳናውቅ፣ እንደ መድኃኒት በማር ተለውሶ ገባልን።

ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ ነቢይ መኮንን ነው። በደርግ ጊዜ ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቸልን ወፍራም የፍቅርና የጦርነት መጽሐፍ፣ በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ የታተመውን፣ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ተረጎመው። በሺህ የሚቆጠር የፓኮ ወረቀት! እኔ ሁልጊዜ የማስበው እዚያው አብረውት የነበሩትን ነው። ነገ ስሙ ተጠርቶ ይውጣ አይውጣ የማያውቅ ሰው፣ አንዲት አሜሪካዊት ቅምጥል የቱን ባል እንደምታገባ ለማወቅ ቀጣዩን ወረቀት ሲጠብቅ። እነዚያ ሰዎች ያላፈሩበትን እኔ፣ ሶፋ ላይ ጋደም ብዬ፣ በር ሲንኳኳ ከትራስ ሥር እሸጉጣለሁ።

በር ሲንኳኳ ብቻም አይደለም። አንድ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ፣ ባለቤቴ እንዳትነቃ ብዬ መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ሳነብ እንባዬ አመለጠኝ። እንባ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ድምፅም ነበረው። በሩ ተበርግዶ ተከፈተ።

«ምን ሆነሃል? ማን ሞተ?»

«ዶክተሯ...»

«የትኛዋ ዶክተር? የጥርሷ?»

መጽሐፉን አሳየኋት። ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ «ነፍስ ይማር በልልኝ» አለችና ተመልሳ ተኛች። እሷ እኮ ሳሎን ያሉትን መጻሕፍት ግማሹን ያነበበች የቤቱ ብቸኛ ሰው ናት። ዶስቶየቭስኪን ሽሮ እያማሰለች ነው የጨረሰችው።

ይህን ማወቃችሁ ለሚቀጥለው ይጠቅማል። አራት ኪሎ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንሰበሰብበት ካፌ አለ። ወዳጆቼ የተማሩ ናቸው፤ በተለይ አንደኛው ሃያሲ ነው፤ መጽሐፍ ሲያሞግስ እንኳ የተቆጣ ይመስላል። እኔ እዚያ የማነበውን ያህል ሳይሆን የምነቀንቀውን ያህል እከበራለሁ። አንድ ቅዳሜ ሃያሲው ስለ ዘመናዊው ልቦለድ ውድቀት እያስረዳን፣ እኔም በቦታ በቦታው ራሴን እየነቀነቅኩ ሳለ፣ ከመዳፉ እስከ አገጩ መጽሐፍ የከመረ አዟሪ ገባ። ደንበኛዬ ነው። ሌላ ጊዜ ጥግ ጠብቆ ነው የሚያነጋግረኝ፤ ያን ዕለት ግን የምሥራቹ ከአቅሙ በላይ ሆነበት።

«ጋሼ! ሁለተኛው ቅጽ መጣልዎት! ያቺ ባሏን በመርዝ የገደለችው!»

የካፌው ማሽን እንኳ ዝም ያለ መሰለኝ።

«ለባለቤቴ ነው» አልኩ። ሰው ሲጨንቀው የማይሸጠው የለም። ባለቤቴን በመቶ ሃምሳ ብር ሸጥኳት፣ መጽሐፉንም በዚያው ገዛሁ።

ሁለት ሳምንት አልፎ አንድ ሠርግ ላይ ሃያሲው ወደ እሷ ጠጋ አለና፣ ለአንድ ሕፃን እንደሚራሩለት ባለ ድምፅ፣ «መርዙስ? ተነቃባት?» አላት። ባለቤቴ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። የዚያን ማታ የተባባልነውን እዚህ አልጽፈውም።

ከዚያ ወዲህ ከቤት ይዤ የምወጣውን መጽሐፍ ሁሉ በጋዜጣ እለብድ ጀመር። በተማሪነታችን ደብተር የምንለብደው እንዳይቆሽሽ ነበር፤ እኔ የለበድኩት እኔ እንዳልቆሽሽ ነው። ባለፈው ወር ታዲያ ከመገናኛ ወደ አያት በሚሄድ ታክሲ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጬ የተለበደውን መጽሐፌን አወጣሁ። የቀረኝ 48 ገጽ ነው። ባልየው በአውሮፕላን አደጋ ሞተ ተብሎ ተለቅሶለታል፤ ሚስቱ የገዛ ወንድሙን ልታገባ ሽር ጉድ ትላለች፤ የሠርጉ ዋዜማ ማታ በሩ ተንኳኳ። ገጹን ልገልጥ ስል አንድ እጅ መጽሐፉ ላይ አረፈ።

«ቆይ ልጄ፣ አልጨረስኩም።»

ዞር አልኩ። ነጠላ የለበሱ እናት ናቸው። መነጽራቸውን አድርገዋል፤ መቼ ከቦርሳ እንዳወጡት አላየሁም።

«ይቅርታ እማማ» ብዬ ጠበቅኩ።

ከዚያ በኋላ በእሳቸው እግር ነው የሄድነው። ሲጨርሱ በክርናቸው ጎሸም ያደርጉኛል፣ እገልጣለሁ። እኔ ቀድሜ ጨርሼ ስጠብቃቸው መስኮት መስኮቱን አያለሁ። ሦስተኛው ገጽ ላይ «ቆይ፣ ይሄ ሰውዬ ሞቷል አላሉም እንዴ?» አሉኝ። ከመጀመሪያው ልተርክላቸው ግድ ሆነ። 200 ገጽ ከመገናኛ ጉርድ ሾላ እስክንደርስ ማጠቃለል ቀላል አይደለም፤ ድምፄንም ሳላስበው ከፍ አድርጌ ኖሯል። ከፊታችን ያሉት ሁለት ልጆች ጆሯቸው ላይ የሰኩትን ነቀሉ። ረዳቱ ሒሳብ ሊቀበል ዞሮ እጁን እንደ ዘረጋ ቀረ።

«ወንድምየው ሰውየው በሕይወት እንዳለ ያውቅ ነበር ማለት ነው?» አለ ረዳቱ።

«ያውቅ ነበር» አልኩት።

«ውሻ!» አለ፣ ሒሳቡንም ተቀበለ።

እማማ ድንገት መስኮቱን አይተው «በስመ አብ! ጉርድ ሾላን አለፍን እንዴ?» ሲሉ ሲኤምሲ ደርሰናል። «ወራጅ አለ!» ብለን ሦስት አራት ሰው ጮኽንላቸው። ተነሡ፣ ነጠላቸውን ሰበሰቡ፣ መነጽራቸውን ወደ ቦርሳቸው መለሱ፤ መጽሐፌንም አስከትለው ከተቱት።

«ነገ በዚሁ ሰዓት እዚያው ሰልፉ ጋ አምጥቼ እሰጥሃለሁ። ማታውን ነው የምጨርሰው፣ አላበላሽብህም።»

ምን ይባላል? እናት የሚያህሉ ሰው ይዘው የወረዱትን መጽሐፍ ማን ተከትሎ ይነጥቃል? የቀረኝ 31 ገጽ ነበር። በሩን ያንኳኳው ባልየው ገና አልገባም፤ በረንዳ ላይ ዝናብ እየመታው ነው የተለየሁት።

በነጋታው አልመጡም። በማግሥቱም አልመጡም። አዟሪውን አስጠራሁት፤ «እሱ አልቋል ጋሼ» አለኝና አንድ ስለ ሕይወት ትርጉም የሚያትት መጽሐፍ በግማሽ ዋጋ ልስጥዎት አለ። እንግዲህ ይኸው ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መገናኛ የአያት ታክሲ ሰልፍ ላይ እቆማለሁ፤ ተራዬ ሲደርስ ከኋላዬ ያለውን አሳልፌ እንደገና ከመጨረሻ እሰለፋለሁ። እማማ በሕዝብ መሃል ከሩቅ እንዲለዩኝ ብዬ ደግሞ ከማካሮኒው ካርቶን አንዱን አውጥቼ፣ ጋዜጣውን ገፍፌ፣ ሽፋኑን ወደ ውጭ አድርጌ ደረቴ ላይ እይዘዋለሁ። ፀጉሯ የተበተነው ሴት፣ ሽጉጡ፣ ፀሐይዋ፣ ሁሉም ይታያሉ።

ትናንት ሃያሲው ወዳጄ በዚያ ሲያልፍ አየኝ። ቆመ። ሽፋኑን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ሽፋኑን አየ። አፉን ሲከፍት ቀደምኩት።

«ነጠላ የለበሱ፣ መነጽር ያደረጉ አንዲት እናት በዚያ በኩል አላየህም?»