ከፍዬበታለሁ እኮ!

እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ፈረቃውም አንዳንዴ ይረሳናል። በዚህ ምክንያት ማንም ስልጠና ሳይሰጠን ሁላችንም የውሃ ቁጠባ ሊቃውንት ሆነናል። ጎረቤቴ እትዬ (ስማቸውን ብጠራ በረካዋን ያስቀሩብኛል) ምስር ያጠቡበት ውሃ አበባ ያጠጣል፣ ልብስ ያለቀለቁበት ደረጃ ያጥባል፣ ከደረጃው የተረፈው ደግሞ መጸዳጃ ቤት ይገባል። እሳቸው ቤት የገባች አንዲት ጆግ ውሃ ሦስት ቦታ ሳትሠራ ጡረታ አትወጣም።

እኚሁ ሴትዮ ልጃቸው ከአሜሪካ መጣችና ቢሾፍቱ፣ ሐይቅ ዳር፣ በሩ ላይ "ኢኮ" የሚል ታፔላ የሰቀለ ሪዞርት ልታሳድራቸው ወሰደቻቸው። እኔም ሻንጣ ጠባቂ ሆኜ ተጠጋሁ። ክፍል እንደገባን እትዬ መጀመሪያ የፈተሹት አልጋውን አይደለም፤ ሻወሩን ነው። ከፈቱት፤ ፈሰሰ። ጠበቁት፤ አልቆመም። ጭራሽ ሞቀ! ከዚያ በኋላ የሆነውን በሒሳብ ልንገራችሁ፦ ደህና ሻወር በደቂቃ 10 ሊትር ያህል ያፈሳል። ሃያ ደቂቃ የቆመበት ሰው አሥር ቢጫ ጀሪካን ጨረሰ ማለት ነው። እትዬ ማታ ታጠቡ። ጠዋት ታጠቡ። ክፍሉን ልናስረክብ ስንል ደግሞ ገቡ። "ኧረ እትዬ፣ አሁን ጠዋት ታጥበው የለም እንዴ?" ብላቸው፣ መልሳቸው በእንፋሎት ታጅቦ ከውስጥ መጣ፦ "ይሄኛው ለመንገድ ነው፤ ተከፍሎበታል እኮ!"

በእሳቸው አልፈርድም። ቤቱ ሲሆን የኮሪደር መብራት በራ ብሎ ከልጆቹ ጋር የሚጣላውን አባወራ ሆቴል ውስጥ አይታችሁታል? የበረንዳውን፣ የራስጌውን፣ የግርጌውን መብራት ለኩሶ፣ ቴሌቪዥኑን ለግድግዳው ከፍቶለት እራት ይወርዳል። ዞር ብሎ ያየው ካለ "ከፍዬበታለሁ" ይላል፤ አለቀ፣ ከዚህ በላይ ይግባኝ የለም። ትንሽ የተማረው ደግሞ "የአገራችን መብራት አብዛኛው ከውሃ ኃይል የሚመነጭ ነው፤ ንጹህ ኃይል ነው" ብሎ ሳይንስ ይጨምርበታል። ይህን ብሎ ሳይጨርስ መብራት ይሄዳል፣ ጓሮ ያለው የናፍጣ ጄኔሬተር አስነጥሶ ይነሳል፣ ያው ግድግዳ ያንኑ ቴሌቪዥን ማየቱን ይቀጥላል።

እኔ መብራት አጠፋለሁ። የእኔ በሽታ ሌላ ነው፤ የሆቴል ሻምፖ። እነዚያ አውራ ጣት የሚያክሉ የላስቲክ ጠርሙሶች ከጎንደር እስከ አርባ ምንጭ ካደርኩባቸው ሆቴሎች ሁሉ ተሰባስበው መሳቢያዬ ውስጥ ይኖራሉ። አንዱንም ከፍቼው አላውቅም፤ ለእንግዳ ነው የማስቀምጣቸው። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ እሳሳለታለሁ። አሁን አሁን አንዳንድ ሆቴሎች ሻምፖውን በትልቅ ዕቃ አድርገው ግድግዳ ላይ ቸንክረውታል። "ላስቲክ ለመቀነስ ነው" ይላሉ። እኔ ግን ስለ እኔ የሰሙ ይመስለኛል።

መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከመስታወቱ ሥር የምትቆም ካርድ ታውቃላችሁ። "ውድ እንግዳችን፣ ምድራችንን አብረን እንጠብቅ፤ ፎጣዎን ደግመው የሚጠቀሙበት ከሆነ ይስቀሉት" ትላለች። እንዳትረጥብ በላስቲክ ተለብጣለች። ከእሷ ሥር ቧንቧው ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል፤ በሰከንድ አንዴ ብቻ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ በቀን አንድ ጀሪካን ገደማ ይሞላል። ለካርዷ በወጣው ገንዘብ የቧንቧው ጎማ ስንት ጊዜ ይቀየር ነበር! ቢሆንም እንደ ታዘዝኩት ፎጣዬን ሰቀልኩ፤ ምድርን ያዳንኩ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ስመለስ አዲስ ፎጣ እንደ አበባ ተጠቅልሎ አልጋው ላይ ቁጭ ብሏል። የምታጸዳዋን ልጅ "የኔ እናት፣ ሰቅዬው ነበር እኮ" አልኳት። "አይቼዋለሁ እናቴ፤ ግን ሱፐርቫይዘሯ የምትቆጥረው የተቀየረውን ነው" አለችኝ።

ወደ ቡፌው እንሂድ፤ ጉዳችን ያለው እዚያ ነው።

እህል መጣል እንደማያውቅ ሕዝብ ነው ያደግነው። ትናንት የተረፈ እንጀራ ዛሬ ፍርፍር ነው፤ ከፍርፍር የተረፈው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ይሆናል፤ ድርቆሹ ለመንገደኛ ስንቅ ተቋጥሮ አውሮፕላን ተሳፍሮ ዋሽንግተን ይገባል። መሬት የወደቀ ቁራሽ አንስተን፣ አቧራውን እፍ ብለን፣ ይቅርታ የምንጠይቅ ሰዎች ነን። ይሁንና ከፊታችን የቡፌ ሰልፍ ይቁም! ሳህን ላይ ግንባታ ይጀመራል። ምድር ቤቱ ሩዝና ፓስታ ነው። አንደኛ ፎቅ ላይ ጥብስ፣ ሁለተኛው ላይ ዓሣ ጉላሽ፣ ሦስተኛው ላይ ዶሮ ከነእንቁላሏ፤ ጣሪያው ላይ የሰላጣ ቅጠል ይተከላል፣ ለአረንጓዴ ልማት። ኬኩን የት እናድርገው? ከክትፎው ጎን ቦታ አለ። ጠረጴዛችን ጋ ደርሰን አራት ጉርሻ እንደበላን "ኡፍ፣ ጠገብኩ!" ብለን ሳህኑን ገፋ እናደርጋለን። ለምን ያን ያህል ቆለልሽ ቢባል መልሱ ይታወቃል።

ማስቋጠር ደግሞ ያሳፍራል። ሰርግ ቤት ሙሉ ድፎ በነጠላ ሥር ይዞ የሚወጣ ዘመድ ሁሉ ሆቴል ሲገባ "ሰው ምን ይላል" ይለዋል። አንድ ጊዜ አንዲት ደፋር እናት አየሁ፤ የቀረውን ዶሮ ከቦርሳዋ ባወጣችው ፌስታል ስትቋጥር። ልቤ ሊያጨበጭብላት ነበር። ያን ጊዜ አጠገቧ ያለው ወጣት "እማማ፣ ፌስታል እኮ በ2017 በአዋጅ ተከልክሏል" አላት፤ ከፊቱ ሰባት አጥንትና ግማሽ ሳህን ሩዝ ትቶ እየተነሳ።

ኖርዌይ ውስጥ ሆቴሎች የቡፌ ሳህናቸውን ትንሽ ቢያሳንሱ የሚጣለው ምግብ በአንድ አምስተኛ ያህል እንደቀነሰ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ማንም አልተመከረም፣ ማንም አልተቆጣም፤ ሳህኑ ብቻ አነሰ። እኛ ዘንድ ቢሞከር ግን ሳህን ሲያንስ ሁለት ይዘን እንደምንመጣ ጥርጥር የለኝም፤ አንዱ "ለልጁ ነው"፣ ልጁ ቤት ነው።

ከዕለታት በአንዱ ደግሞ "ለአካባቢ ተስማሚ ቱሪዝምና መስተንግዶ" የሚል ስብሰባ ላይ ተገኘሁ፤ የትኛው ሪዞርት እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ ምሳው ጥሩ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣነው አንድ መኪና ለአንድ ሰው ሆነን ነው። አዳራሹ ከመቀዝቀዙ የተነሳ ከጀርባዬ የተቀመጡት አዛውንት ጋቢ አስመጥተው ለበሱ፤ ስለ ዓለም ሙቀት መጨመር ያዳመጥነው እየተንቀጠቀጥን ነው። ተናጋሪው "ካርቦን" ባሉ ቁጥር ውጭ ያሉት ሾፌሮች ሞተር ሳያጠፉ፣ መስኮት ዘግተው ያንኮራፋሉ።

ጠረጴዛው ላይ በነፍስ ወከፍ ሁለት ሁለት ሃይላንድ ውሃ ተደርድሯል። ሁላችንም ከአንዱ ሁለት ጉንጭ እንጠጣለን፤ ለሻይ እንወጣለን፤ ስንመለስ የትኛው የማን እንደሆነ ይጠፋብናል፤ የሰው ላለመጠጣት አዲስ እንከፍታለን። ከሰዓት በኋላ "የፕላስቲክ ብክለት" የሚለው ጽሑፍ ሲቀርብ እኔ ከኋላ ወንበር ሆኜ አቅራቢዋን በጠርሙሶቹ መሃል አጮልቄ ነው ያየኋት። በጣም ጥሩ ተናገረች፤ ስትጨርስ ጉሮሮዋ ደርቆ ነበርና ውሃ ተከፈተላት።

መጨረሻ ላይ ችግኝ ተከልን። የእያንዳንዱ ተካይ ስምና ማዕረግ ከችግኙ ቁመት በሚበልጥ ሰሌዳ ተጽፎ አጠገቡ ቆመ። ፎቶ ተነሳን። ዘንድሮ በዚያ ሳልፍ ገባ ብዬ አየሁት፤ ሰሌዳዎቹ በሙሉ ጸድቀዋል። የጠርሙሶቹን ነገር ካነሳችሁ፣ ያን ዕለት ዘበኛው በሁለት ማዳበሪያ ሞልቶ በር ላይ ለቆራሌው ሲሸጥለት አይቻለሁ። ከመላው ጉባኤ ለአካባቢው አንድ ነገር የሠሩት እነሱ ሁለቱ ናቸው፤ አበል ግን አልነበራቸውም።

ሀዋሳ ላይ ደግሞ የተጣለ የሚለቅመው ወፍ ነው። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ አባ ኮዳ ኮቱን ለብሶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እንደ ሥራ አስኪያጅ ሲንጎራደድ ታገኙታላችሁ። ዓሣ አራጁ የጣለውን አንጀትና ጭንቅላት ሲለቅም ይውላል። እኛ የምንጥለው ሃይላንድ ግን ከምግብ ዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ቀረብ ብሎ ያየዋል፣ በንቀት ዞር ይላል።

አረንጓዴ መሆን ቀላል የመሰለን ከቀለሙ ስለጀመርን ይመስለኛል። ቡና የሚፈላበት ቦታ ላይ ቄጠማ ጎዝጉዞ ጠዋት ጠዋት መጥረግ የሰለቸው ሆቴል የላስቲክ ሣር አነጠፈ፤ ጀበናዋ አጠገብ የላስቲክ አበባ፣ ግድግዳው ላይ የላስቲክ ሐረግ። በላዩ "ወደ ተፈጥሮ እንኳን ደህና መጡ" ተብሎ ተጽፏል። ፍየል ብትገባ የምትከስበት አረንጓዴ ነው።

ባሕር ዳር እንደ ልብ በሚኬድበት ጊዜ አንድ ፈረንጅ በጀልባ አብሮን ወደ ዘጌ ተሻገረ። ጣና በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ የተመዘገበ፣ እምቦጭ ደግሞ ሳይመዘገብ የሰፈረበት ሐይቅ ነው። ዘጌም ማረስና ከብት ማርባት በልማድ ክልክል ሆኖ ስለኖረ ጫካውና ቡናው እስከ ዛሬ ያለ ቦታ ነው፤ መነኮሳቱ "ኢኮ" የሚል ታፔላ ሳይሰቅሉ። ፈረንጁ አሮጌ የብረት ጠርሙስ ይዟል፤ ሆቴሉ ያስቀዳውን የተጣራ ውሃ ከእሱ ይጎነጫል፤ ምግብ ቤት ስንገባ ሽሮ በላ፤ ሳህኑን በእንጀራ ጠርጎ ባዶ አደረገው፤ ፌስታል ሲሰጡት "አይ፣ አመሰግናለሁ" አለ። አስተናጋጁ በሐዘን ሲመለከተው ቆየና ወደ እኛ ጠረጴዛ ዘንበል ብሎ "ምስኪን፣ የተቸገረ ፈረንጅ ነው" አለን። እኛ ፊት ስምንት የተከፈተ ሃይላንድ ነበር። በጣም አከበረን።

ወንጪ በ2021 እ.ኤ.አ. ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ተመርጧል። በፈረስ እየሄዱ ሐይቁን ማየት እዚያ የቆየ ልማድ ነው። ፈረስ ጭስ የለውም፤ የሚያወጣው ነገር ቢኖር እርሻ ላይ ይፈለጋል። እኛ ግን ፈረሱ ላይ ወጥተን ፎቶ ከተነሳን በኋላ "መኪናው ለምን እዚህ ድረስ አይመጣም?" ብለን እንቆጣለን። መቄትና ላስታ ውስጥ ገበሬዎች በማኅበር ወደሚያስተዳድሯቸው የእንግዳ ጎጆዎች ስንሄድም አህያዋ ላይ የምንጭነው ባለጎማ ሻንጣ ነው፤ ውስጡ የፀጉር ማድረቂያ አለ። አህያዋ ዞር ብላ ብታየን አይገርምም።

አዲሶቹ ሆቴሎች ከእኛ ጋር መነጋገር ትተው ዘዴ ፈጥረዋል። በሩ አጠገብ አንዲት ቀዳዳ አለች፤ የክፍሉን ካርድ ስታስገቡባት መብራት ይመጣል፣ ይዛችሁት ስትወጡ ሁሉም ይጠፋል። ፈረንጅ ለዓመታት የደከመበትን ይህን ጥበብ እኛ በአንድ ምሽት ፈታነው፤ ብዙዎቹ ቀዳዳዎች ማንኛውንም ካርድ ይቀበላሉ። ስልኩ ቻርጅ ላይ ነው፣ ፍሪጁ እንዲቀዘቅዝ ነው፣ ስንመለስ ጨለማ እንዳይሆን ነው እያልን የቢዝነስ ካርድ፣ የመሥሪያ ቤት መታወቂያ፣ የባንክ ካርድ ሰክተን እንወጣለን። አንዲት የሪሴፕሽን ሠራተኛ መሳቢያዋን ከፍታ አሳየችኝ፤ እንግዶች እንደተሰካ ረስተዋቸው የሄዱ መታወቂያዎች በላስቲክ ታስረው ተቀምጠዋል። "ሰው ባንክ ሄዶ ፋይዳ መታወቂያ አምጣ ሲባል ነው ትዝ የሚለው" አለችኝ።

እና ሆቴል የምታድሩ ወገኖቼ፣ ስትወጡ ፋይዳችሁን ከግድግዳው ነቅላችሁ ውሰዱ። መብራቱም በዚያው ይጠፋል።