ሳያነቡ አናቢ

ስለ ንብ ማነብ የሚያወራ የቴሌግራም ቻናል አለኝ። ንብ የለኝም። የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የማውቃቸው ንቦች ሻይ ቤት የስኳር ዕቃ ላይ የሚያርፉት ናቸው፤ እነሱንም ሳይ ወንበር እቀይራለሁ።

እንዲህ ያለ ሰው አናቢዎችን እንዴት ይመክራል ትሉ ይሆናል። የሚመክረው ኤአይ ነው። ማታ «ስለ ቀፎ አያያዝ አንድ ጽሑፍ ጻፍልኝ» እለዋለሁ፤ ቡናዬ ሳይበርድ ይጨርሳል። እኔ የንብ ፎቶ እፈልግለትና ከሥሩ ስሜን አኖራለሁ። ንቡንም ሳላነብ፣ ጽሑፉንም ሳላነብ እለጥፋለሁ። ሲያሰኘኝ ደግሞ «በረጅም ጊዜ ልምዴ እንዳየሁት» የምትል ሐረግ ጣል አደርጋለሁ። እሷን ማሽኑ አልጻፋትም፤ የራሴ ፈጠራ ናት።

ተከታዮቼ «መምህር» ይሉኛል። የአገሬ ሰው «ያልወለድኩት ልጅ አባባ ቢለኝ አፌን ዳባ ዳባ አለኝ» ይላል። እኔን ግን ጣፈጠኝ። አንዱ «ወንድሜ» ብሎ ቢጽፍልኝማ፣ ምነው ማዕረጌን ረሳው ብዬ ተቀየምኩት።

ጉዴ የወጣው በሐምሌ ነው። «ቀፎዎ በማር የሚሞላበት ወቅት ደርሷል፤ ለመቁረጥ ይዘጋጁ!» የሚል ጽሑፍ ለጠፍኩ። ኤአዩ ይህን የቃረመው ከፈረንጆቹ ጽሑፍ መሆን አለበት፤ እነሱ ዘንድ ሐምሌ በጋ ነው፣ ሜዳው አበባ በአበባ ነው። እኛ ዘንድ ዶፉ ንቧን ከቀፎ አያስወጣትም፤ ያከማቸችውን እየበላች የምትከርምበት የችግር ጊዜ ነው። በብዙው ደጋና ወይና ደጋ ዋናው ማር የሚቆረጠው አደይ አበባ ካበበ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው። አንድ የጎጃም አባት ከጽሑፉ ሥር እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «መምህር፣ እኛ በሐምሌ ለንቦቻችን በሶና ሽሮ፣ የስኳር ውኃም እንሰጣለን እንጂ ማር አንቆርጥም። እርስዎ የሚያነቡት የት አገር ነው?»

በትሕትና መጠየቃቸው ነው ይበልጥ ያቃጠለኝ። «የፊደል ስህተት ነው አባቴ» ብዬ መለስኩ። ከጥቅምት ተነሥቶ ሐምሌ የሚያደርስ የፊደል ስህተት እስከ ዛሬ አልተገኘም። ወዲያው ጽሑፉንም መልሴንም አጠፋሁ።

ለመጽናኛ የሚሆነኝ ሌላ ጥፋተኛ ፍለጋ ገባሁ፤ አገኘሁም። ሲኔት የተባለው የአሜሪካ ድረ ገጽ በማሽን ካጻፋቸው 77 የገንዘብ ጉዳይ ጽሑፎች ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ 41ዱን አርሟል። አንደኛው፣ 10,000 ዶላር በ3 በመቶ ወለድ ባንክ ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 10,300 ዶላር ያተርፋል ይል ነበር፤ ትርፉ 300 ዶላር ብቻ ነው። ደስ ሊለኝ ሲል አንድ ነገር አየሁ፤ እነሱ እርማቱን ከጽሑፉ ጋር አውጥተውታል። እኔ ማስረጃ ነው ያጠፋሁት።

ጎግልም ቢሆን በማሽን መጻፍን ብቻውን ጥፋት አላለውም። በማርች 2024 ያወጣው ደንብ የሚከለክለው አንባቢን ለመጥቀም ሳይሆን በፍለጋ ላይ ከፊት ለመውጣት ሲባል በገፍ የሚመረተውን ጽሑፍ ነው፤ ሰው ይጻፈው ማሽን ለውጥ የለውም። ደንቡን ሳነበው ስሜ ብቻ ነው የጎደለው።

እንግዲህ በኤአይ ላላክክ ብሞክርም አላዋጣኝም። ቋንቋ ቢያቃናልኝ፣ ሐሳብ ቢያደራጅልኝ ምን ነውር አለው? ነውሩ የሌለኝን ልምድ አለኝ ማለቴ፣ ማን እንደጻፈው መደበቄና ንብ የሚያውቅ ሰው ሳላሳይ መለጠፌ ነው። አሁን ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር «በኤአይ እገዛ የተዘጋጀ» ብዬ እጽፋለሁ፤ እኚያ አባት አይተው ሳይፈቅዱም አልለጥፍም። የሚፈቅዱልኝ ጥቂቱን ነው። «መምህር» የሚለውን ማዕረግ ግን ለእሳቸው ለማስተላለፍ እስካሁን ጨክኜ አልቻልኩም።

እናንተም በማሽን ብታጽፉ አልፈርድባችሁም። ግን ምክራችሁን አምኖ ቀፎውን የሚከፍት ሰው አለ። ንቡ ቢያልቅበት ማሽኑ አይክሰውም፤ እናንተም አትክሱትም። ስለዚህ ከመለጠፋችሁ በፊት የሚያውቅ ሰው ጠይቁ።