ድርሳን በእንተ ቮልስ

ትሕትና ከወዴት መጥታ በሰው ልብ እንደምታድር የቀደሙ ሊቃውንት አብዝተው መርምረው፣ አንዳንዶቹ ከጾምና ከጸሎት፣ አንዳንዶቹ ከመልካም አስተዳደግ፣ ጥቂቶቹም ከመከራ ትገኛለች ብለው ሲያስተምሩ የኖሩ ቢሆንም፣ ከእነርሱ መካከል አንድ ስንኳ ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በካዛንችስ ቶታል በኩል መኪና የነዳ ስላልነበረ፣ ትምህርታቸው በዚህ በኩል ጎደሎ ሆኖ መቅረቱ አያስነቅፋቸውም። ይህ አነስተኛ ድርሳን ያንን ጉድለት ለመሙላት የተጻፈ ነው፤ የሚያቀርበውም ሐሳብ በመንገድ ላይ የምትታየው ትሕትና የነፍስ ሀብት ሳትሆን የመኪና ዕቃ መሆኗን፣ ከመኪናዎችም ሁሉ ይህን ዕቃ አብልጣ ተሸክማ የምትገኘው ታድሳ የቆመች አሮጌ ቮልስ መሆኗን የሚያስረዳ ነው።

ነገሩን ከጥንቱ ለመያዝ፣ አዲስ አበባ መኪናን በዓይኗ ያየችው ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጂቡቲ ተነሥቶ፣ ለመንኰራኵር የተበጀ መንገድ የሌለበትን በረሃና ተራራ አቋርጦ፣ በ1900 ዓ.ም. መኪናውን ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ ባቀረበ ጊዜ ነበር። መኪናው በከተማው ውስጥ ብቻውን በቆየባቸው ቀናት ቅድሚያ የከለከለ ነጂ፣ ተራ የነጠቀ ነጂ፣ ከኋላ ሆኖ ጥሩምባ የነፋ ነጂ ፈጽሞ አልነበረም፤ የመንገድ ሰላምን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ይህን አጭር ዘመን ዘለውት ማለፋቸው የሚያሳዝን ነው። ከዚያ በኋላ ሁለተኛው መኪና መጣ። በ1956 ዓ.ም. የመላው አገር ተሽከርካሪ ከግራ ወደ ቀኝ መስመር እንዲሻገር በታዘዘ ጊዜም፣ በጎች በቀኝ ፍየሎችም በግራ እንደሚቆሙ ከወንጌል የተማረ ሕዝብ ትእዛዙን ለመቀበል የሚቸገርበት ምክንያት አልነበረውም፤ ዛሬ በመስቀል አደባባይ ጥግ ቆሞ ለሚታዘብ ሰው ግን በጎችም ፍየሎችም መካከሉን ይዘው ሲሄዱ ይታዩታል።

መሐንዲሱ ፌርዲናንድ ፖርሽ የነደፋት፣ በአገራችንም የመምህሩ፣ የመኮንኑና የመሥሪያ ቤት ጸሐፊው ባልንጀራ ሆና የኖረችው ቮልስ፣ የፍጥረቷ ሥርዓት ከሌሎች መኪናዎች የተገለበጠ ነው፤ ሌሎቹ ሞተራቸውን በደረታቸው ተሸክመው ሲመጡ እርሷ ከኋላዋ ትደብቀዋለች፤ ከፊት ያለውን ኮፈን የከፈተ ሰውም የሻንጣና የትርፍ ጎማ ማደሪያ ሆኖ ያገኘዋል። ራዲያተር የላትም፤ ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በነፋስ ብቻ ስለሆነ፣ ሌሎች መኪናዎች በአቀበት መካከል ውሃቸው ፈልቶ፣ ኮፈናቸውን ከፍተው ሲጨሱ እርሷ በአጠገባቸው እያጓራች ታልፋለች። ካዛንችስ የሚገኝበት ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ስሙን የወሰደው ከእናቱ ከቅድስት ኢየሉጣ ጋር ከፈላ ጋን በመልአክ እጅ ከዳነው ሕፃን ሰማዕት ስለሆነ፣ አለመፍላትን በተመለከተ በዚህ አጥቢያ ከዚህ የበለጠ መናገር ድፍረት ነውና ጸሐፊው እዚህ ላይ ይገታል። በዓለም ላይ 21,529,464 ቮልሶች ተሠርተው የመጨረሻዋ በሜክሲኮ አገር በፑኤብላ ከተማ ከፋብሪካ የወጣችው ሐምሌ 23 ቀን 1995 ዓ.ም.፣ ማለት የሐምሌው የቂርቆስ በዓል ባለፈ በአራተኛው ቀን መሆኑን ግን ሳይጠቅስ ሊያልፍ አልወደደም።

አሁን ወደ ትሕትናዋ ምንጭ እንቅረብ። የ1200ዋ ሞተር ጉልበት በፋብሪካው ወረቀት ላይ 34 ፈረስ ተብሎ ተጽፏል። ነገር ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ አየሩ የሳሳ ስለሆነ፣ በካርቡሬተር የሚተነፍስ ሞተር ከአራት እጅ አንዱን ያህል ጉልበቱን ያጣልና፣ ስምንት የሚሆኑት ፈረሶች ከወደብ ወደ አዲስ አበባ ሲወጡ በመንገድ ቀርተዋል ማለት ነው፤ የተረፉትም ሃያ ስድስቱ ሰውን ሊያስታብዩ የሚበቁ አይደሉም። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1961 በፊት የተሠሩት ደግሞ የነዳጅ መለኪያ ስንኳ የላቸውም፤ ነጂው በጋኑ ውስጥ ያለውን ሳያይ አምኖ ይሄዳል፤ ሞተሩ መንገታገት ሲጀምር ከእግሩ አጠገብ ያለችውን የመጠባበቂያ ቧንቧ ይከፍትና ቀሪውን መንገድ በንስሐ ይፈጽማል። በኋላ በመጡት ዘንድ የፊት መስተዋት ማጠቢያው ውሃ የሚረጨው ከትርፍ ጎማው በሚበደረው አየር ነው። እንግዲህ መስተዋቱን ለማጠብ ከጎማ መበደር የሚገባው ሰው በማን ላይ ይታበያል?

ቮልስ ሰውን ዝቅ የማድረግ ሥልጣኗን በታሪክ ፊት ያስመሰከረችው መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጠዋት ነው። በዚያች ዕለት፣ ከአፍሪካ አዳራሽ ፊት ለፊት ባለው በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት፣ ለግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን መውረዳቸው ከተነበበላቸው በኋላ፣ እንደ ሮልስ ሮይስ ያለ መኪና ለለመዱት ንጉሠ ነገሥት የቀረበችላቸው ቮልስ ነበረች፤ ወደ አራተኛ ክፍለ ጦርም የተወሰዱት በእርሷ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው። ሊቃውንት የዚያን ዘመን መለወጥ በመሬት ላራሹ፣ በወሎ ረኃብ፣ በሠራዊቱ ማጉረምረም ሲመረምሩ ኖረዋል፤ መመርመራቸውም መልካም ነው። ሆኖም አብዮቱ በየካቲት 1966 ዓ.ም. በነዳጅ ዋጋ ምክንያት ባደሙት በታክሲ ነጂዎች ተቀጣጥሎ፣ በመስከረም በቮልስ መፈጸሙን፣ ማለት ከጫፍ እስከ ጫፍ በመኪና የተከናወነ ነገር መሆኑን ልብ ያለ ሰው ጥቂት ነው። ከዚህም የሚልቀው ቮልስ ሁለት በር ብቻ ያላት መሆኑ ነው፤ ወደ ኋላ ወንበር የሚገባ ሰው፣ ደቀ መዝሙርም ቢሆን ደጃዝማችም ቢሆን፣ የፊቱ ወንበር ወደ ፊት ተደፍቶለት፣ ወገቡን አጥፎ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ካልሆነ በቀር መግቢያ የለውም። ይህን ሥርዓት ያወጣው መሐንዲሱ እንጂ ደርግ አልነበረም።

ነገር ግን ቮልስን መንዳት ብቻ ለፍጹም ትሕትና አያበቃም፤ ማሳደስ ያስፈልጋል። አንድ ሰው አሮጌ ቮልስ ገዝቶ ለማሳደስ በቆረጠ ዕለት ከዓለም መለየቱን አያውቅም። በመጀመሪያ ላሜራ ሠራተኛው ቀለሙን ልጦ፣ ከእርሱ በፊት የነበሩት ባለቤቶች በስቱኮ ሸፍነው ያለፉትን ኃጢአት ሁሉ አንድ በአንድ ይገልጥለታል፤ ወለሉ በዝገት ተበልቶ መሬት እንደሚያሳይ፣ የግራው ፓራፋንጎ የሌላ ዘመን መኪና መሆኑን፣ በሩ ሲዘጋ የሚሰማው ድምፅ ከበሩ ሳይሆን ከወለሉ እንደሚመጣ ያን ጊዜ ይማራል። ቀጥሎ ወደ መርካቶ ወርዶ በሱማሌ ተራ አንድ የፍሬቻ ብርጭቆ ለማግኘት ሲዞር ይውላል፤ ነጋዴውም «ነገ ና» ይለዋል፤ በነገታውም «ማነው ያለህ?» ይለዋል። በቤቱ ውስጥ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያና የኋላ ፓራውልት ዋጋ በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ተጽፈው የተገኙ እንደሆነ፣ ባለቤቱ የምናኔን የመጀመሪያ ማዕርግ አልፎ ወደ ሁለተኛው መድረሱን ባለቤቱ፣ ማለት ሚስቱ፣ ትመሰክራለች። ቀለም በተቀባችበትም ዕለት፣ ያ ሰው አስኬማ እንደ ተቀበለ መነኩሴ ከጋራዡ በዝግታ ሲወጣ፣ በመንገድ ላይ ያለውን ማናቸውንም ጠጠር በስሙ የሚያውቅ ሆኖ ይገኛል።

(በዚህ ስፍራ ከነገሩ ወጣ ብሎ መናገር ካልተከለከለ፣ በቮልስ ላይ ለከባድ መኪና የሚገባ ሰፊ ጎማ አስገብተው፣ በኋላ ወንበሯም የድምፅ ማጉያ ጭነው፣ መስኮቷን በጥቁር ላስቲክ ሸፍነው የሚነዱ ወጣቶች አሉ። ጸሐፊው መናፍቃን ብሎ ለመጥራት አይደፍርም፤ ነገር ግን የመጀመሪያውን ቀለሟን ጠይቀው ከሚቀቡት ወገኖች ጋር በአንድ ማዕድ እንዲቀመጡ አይመክርም።)

ቮልሱን አሳድሶ ከጋራዥ የወጣው ነጂ በመንገድ ላይ የሚያሳየው ጠባይ ከቅዱሳን ገድል ጋር የሚቀራረብ ነው። ዜብራ ላይ ገና እግሩን ላላነሣ እግረኛ ይቆማል፤ ሚኒባስ ሊገባበት ሲያዘነብል ገና ሳይጠየቅ ስፍራ ይለቃል፤ ረዳቱም በመስኮት ብቅ ብሎ «አባባ፣ እግዜር ይስጥልን» ሲለው፣ ትሕትናው የመጣው የሚኒባሱ ጎን ከፓራፋንጎው ጋር ከተነካካ የሚተካው ፓራፋንጎ ሱማሌ ተራ ስለሌለ መሆኑን አይነግረውም። በምላሹም ሌሎች ነጂዎች ለቮልሷ መንገድ ይለቃሉ፤ አንዳንዱም መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «የስንት ዓመት ናት?» ይላል፤ ይህም በካዛንችስ መንገድ ላይ አንድ ነጂ ለሌላው የሚያቀርበው፣ ስድብ የሌለበት ብቸኛ ጥያቄ ሆኖ ተገኝቷል።

የክላክስን ነገር በተመለከተ፣ በቂርቆስ የሚሰማው ድምፅ ሁሉ ከቅዱስ ያሬድ ሦስት ዜማዎች ውጭ አይደለም። የሚኒባስ ታክሲው አጭርና ደረቅ ጥሪ ግዕዝ ነው፤ የከባድ መኪናው ረጅምና ጥልቅ ጩኸት ዕዝል ነው፤ የቮልስ ክላክስ ግን ቀጭን፣ የሚያባብል፣ ይቅርታ የሚጠይቅ የሚመስል ስለሆነ ያለ ጥርጥር አራራይ ነው። የሚያሳዝነው፣ በመብራት ላይ አረንጓዴው ከመታየቱ በፊት ሦስቱም በአንድነት መዘመራቸው ነው፤ ይህንን ማኅሌት የሚመራ መሪጌታ እስካሁን የተገኘ የለም።

ከክላክስ ይልቅ ምሥጢሩ የጠለቀው ግን የፊት መብራትን ብልጭ ማድረግ ነው። ትርጓሜውም እንዲህ ነው። ብልጭ አደረገ፦ አንድም እለፍ ሲል ነው። አንድም አትለፍ፣ እኔ አልፋለሁና ሲል ነው። አንድም ከፊትህ ትራፊክ ፖሊስ ቆሟል ሲል ነው፤ ይህ ፍቅረ ቢጽ ይባላል። አንድም እንደምን ዋልክ ሲል ነው። አንድም እጁ ሳያውቅ ነክቶት ነው። እግረኛውም ከአምስቱ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ያለው ጊዜ ከአንድ አፍታ የማይበልጥ ስለሆነ፣ በዚህ ከተማ በሕይወት የሚኖር ሰው ሁሉ ሳይማር የትርጓሜ መምህር ሆኗል። የቀደሙት ቮልሶች የኤሌክትሪክ ኃይላቸው 6 ቮልት ብቻ ስለ ነበር፣ ብልጭታቸው በቀትር ለማንም አይታይም፤ ከአንድምታም ነፃ ናቸው። ነጂው ማሳለፍ የፈለገ እንደሆነ እጁን በመስኮት አውጥቶ መዳፉን ዘርግቶ ያሳያል፤ ያ እጅ ደግሞ ሁለተኛ ትርጓሜ የለውም።

በዚህ ላይ ተቃዋሚ ተነሥቶ፣ «ቮልስን የሚወዱ ሰዎች አስቀድሞም ትሑታን ስለሆኑ ነው እንጂ መኪናዋ ምን አደረገች?» ቢል፣ ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ መልሱም በየሰኞው ይገኛል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቮልሱን በዝግታ እየነዳ፣ ለእግረኛው ሁሉ እየቆመ፣ ለባለ ጋሪውም ሳይቀር ራሱን እየነቀነቀ የሚያልፈው ያው ሰው፣ ሰኞ ማለዳ የመሥሪያ ቤቱን ኮድ 4 ላንድክሩዘር ይዞ ከኡራኤል ወደ ካዛንችስ ሲወጣ ይታያል። ፊቱ ያው ነው፤ መነጽሩም ያው ነው፤ የጸሎት መጽሐፉም ምናልባት በኪሱ ነው። ነገር ግን በዜብራው ላይ ያሉ ሰዎች እንደ ርግብ ይበተናሉ፤ ታክሲው ሊገባ ቢያዘነብል መንገድ አያገኝም፤ ክላክሱም ከአራራይ ወደ ዕዝል ተለውጧል። ሰውየው ሳይለወጥ ትሕትናው ጋራዥ ውስጥ መቅረቱን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምስክር አይገኝም፤ የላንድክሩዘሩ ፓራፋንጎ በመንግሥት በጀት የሚተካ ነውና።

ወደፊት ስለሚሆነው ለመናገር ነቢይነት አያስፈልግም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ቀረጥ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። የጥንቱ ካዛንችስ ብዙው ፈርሶ፣ በስፍራው ሰፊ ጎዳና፣ የእግረኛ መንገድና የብስክሌት መስመር ተዘርግቷል፤ በዚያም ላይ ድምፅ የሌላቸው፣ ፔዳላቸው ገና ሲነካ የሚወረወሩ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ይመላለሳሉ። የጉልበት እጥረት የሌለበት፣ አየር ቢሳሳም ፈረሱ የማይቀንስበት መኪና ለትሕትና ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ከላይ የተነገረውን ያነበበ ሁሉ ይገባዋል።

ስለዚህ ጸሐፊው ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት የሚያቀርበው አሳብ፣ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ከእንግዲህ ወዲያ ታድሳ በቆመች፣ ቀለሟ ገና አንድ ወር ባልሞላው ቮልስ እንዲሰጥ፣ መኪናዋም የተፈታኙ የአማቱ ንብረት እንድትሆን፣ ጉዞውም በቂርቆስ በዓል ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተነሥቶ፣ በመስቀል አደባባይ በኩል እስከ ካዛንችስ እንዲሆን፣ ክላክስ ሳይነፋና ፓራፋንጎ ሳያስነካ የደረሰ ሁሉ ማናቸውንም መኪና፣ ላንድክሩዘርም ቢሆን፣ እንዲነዳ ይፈቀድለት ዘንድ ነው። ነገሩን ለብዙ የቮልስ ባለቤቶች አቅርቦላቸው ሁሉም ዕቅዱን በሙሉ ልብ አመስግነዋል፤ ለፈተናው መኪናውን የሚያውስ ግን ከመካከላቸው አልተገኘም።