ባቡሩ እስኪመጣ ሳይክሌን ያዙልኝ

ኮፐንሃገን የምትኖር የአክስቴ ልጅ በደወለች ቁጥር ወሬዋ ስለ ባቡርና ስለ ሳይክል ነው። ጠዋት ሳይክሏን እየገፋች የከተማውን ባቡር ትሳፈራለች፤ ከፈረንጆች 2010 ጀምሮ ለሳይክሉ ሰባራ ሳንቲም አይጠየቅም፤ ስትወርድ ደግሞ ፔዳሏን እየመታች ሥራ ትገባለች። ይህን ሁሉ ከነገረችኝ በኋላ «እናንተስ ጋ?» ትለኛለች።

«እኛማ ሁለቱም አሉን» እላታለሁ። ውሸት አይደለም። ሐዲዱ ኮምቦልቻ አለ፤ ሳይክሉ ደሴ፣ እኔ ቤት በር ላይ ተደግፎ ቆሟል። የጎደለው ባቡሩ ብቻ ነው።

ሐዲዱ እንዲህ በዋዛ የሚታይ አይደለም። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል እስከ ሐራ ገበያ ወደ 390 ኪሎ ሜትር ይዘልቃል። ያፒ መርከዚ የተባለው የቱርክ ኩባንያ ውሉን የፈረመው በ2004 ዓ.ም.፣ ግንባታውን የጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነው። ተራራ ተበስቷል፤ ድልድይ ተዘርግቷል። ባቡሩ ግን በኤሌክትሪክ የሚሄድ ስለሆነ መብራት ይፈልጋል፤ መብራት ደግሞ በእኛ አገር በቀጠሮ የሚገኝ ነገር አይደለም። መብራቱን ስንጠብቅ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ መጣ፤ እኛም ተዘረፍን፣ መስመሩም ተዘረፈ። ይህን እስከምጽፍ ድረስ ከኮምቦልቻ ቲኬት ቆርጦ የተሳፈረ ሰው አላየሁም።

ለነገሩ ባቡሩ ነገ ቢመጣስ? የሚያወርደኝ ኮምቦልቻ ነው። ባቡር ዳገት አይወድም። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ሲሄድ ሰበቃው ትንሽ ነው፤ ያን ሁሉ ጭነት ሳይደክመው የሚጎትተውም በዚህ ምክንያት ነው። ዳገት ሲገጥመው ግን ያው ልስላሴ ይከዳውና መንሸራተት ይጀምራል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው መኪና ጣርማ በርን ሰንጥቆ ሲያልፍ፣ ባቡሩ በአዋሽ በኩል ቆላ ለቆላ መዞር የመረጠው ለዚሁ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,850 ሜትር ላይ ተቀምጣለች፤ ደሴ 2,500 ሜትር ግድም ላይ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ጭጋግ ለብሳ። በመካከላቸው የሐረጎ ዳገት አለ። ለሐረጎ የሚሆን ባቡር ከፈለግን ወይ ክንፍ ወይ ዱዓ ያስፈልገዋል።

ሳይክሉስ? ሳይክልም ዳገት አይወድም፤ ልዩነቱ ሳይክል ጥላቻውን በጋላቢው ጉልበት ላይ መግለጹ ነው። አንድ ወዳጄ የፊዚክስ መምህር ነውና አስልቶልኛል። እኔና ሳይክሌ ተደምረን 90 ኪሎ እንሆናለን። ይህን ክብደት 600 ሜትር ከፍ ለማድረግ ሰውነቴ ወደ 500 ካሎሪ ያቃጥላል፤ ከሚያቃጥለው ፔዳሉ ላይ የሚደርሰው ሩቡ ብቻ ነውና። «እንግዲህ አንድ በያይነቱ ማለት ነው» አለኝ፤ እንደ ቀላል ነገር። ስሌቱ ትክክል ነው። ነገር ግን በያይነቱ የሚበላው ቁጭ ብሎ ነው፤ ደግሞም ማንም በያይነቱ እየበላ ከኋላው ሲኖትራክ ጡሩምባ አይነፋበትም።

ስለዚህ እኔ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የምወጣው በረዳት ነው። በሚኒባስ አላልኩም፤ በረዳት። ሳይክሌን ከሩቅ ሲያይ ዓይኑ ይበራል። ፖርቶመጋላው ላይ ዘሎ ይወጣና የፊት ጎማውን ይዞ ወደ ላይ ይስበዋል፤ ከአንድ የስፖንጅ ፍራሽና ቅር ካላት በግ መካከል ያጋድመዋል። ገመዱን በፔዳሉ ዞሮ፣ በመሪው አሳልፎ፣ በጥርሱ ጠብቆ ይቋጥረዋል። ከዚያ ድርድር ይከተላል።

«ጋሼ፣ ሳይክሉም ሰው ነው፤ ሒሳቡ ሁለት ይሁን።»

«ሰው ከሆነ ወንበር ስጠው።»

«ወንበርማ ለእርስዎም ሳይደርስ!» ይለኛል፤ እውነቱን ነው።

በዓለም ላይ ያለውን ደንብ ሳየው ግን ይህ ልጅ ሊመሰገን ይገባዋል። ሆላንድ የሳይክል አገር ትባላለች፤ ሆኖም ሠራተኛ በሚጨናነቅበት ሰዓት ያልታጠፈ ሳይክል ባቡር ላይ አይወጣም። ጃፓን በአብዛኛው ጎማውን ፈትተህ፣ ሁሉንም ከረጢት ውስጥ ከትተህ ካልመጣህ በባቡር አትሄድም። የእኛ ረዳት ሰዓት አይከለክል፣ አያስፈታ፣ ከረጢት አይጠይቅ። የሚጠይቀው ብር ብቻ ነው።

ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ደግሞ ባለቤቱ እኔ ነኝ። ጠዋት ከደሴ፣ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር በኩል ጋቢዬን ተከናንቤ እነሳለሁ። ሐረጎ ላይ ፍሬን አጥብቄ አልይዝም፤ ያዝ ለቀቅ ነው የማደርገው። ቁልቁለቱን በሙሉ ፍሬን ጨብጦ የወረደ ሰው ቸርኬው ይግልና ካላማዳሪው ይፈነዳበታል። ሽቅብ ከሚያቃስቱት የጭነት መኪኖች ሾፌሮች አንዳንዶቹ መብራት ያበሩልኛል፤ ለሰላምታ ይሁን ለማስጠንቀቂያ አይለይም። ኮምቦልቻ ስደርስ ሙቀቱ ይቀበለኛል፤ ጋቢው ተጠቅልሎ ኮርቻው ሥር ይታሰራል። ለዚህ ሁሉ ያወጣሁት ነዳጅ የለም፤ ተራራው ከፍሎልኛል።

ያም ሆኖ ባቡሩን እሻዋለሁ። ሲመጣ አንድ ፉርጎ ውስጥ ሳይክል የሚሰቀልበት መንጠቆ ይኑረው፤ ሸዋ ሮቢት ወይም ከሚሴ ወርዶ፣ ሜዳ ለሜዳ ጋልቦ፣ ማታ በባቡር መመለስ ያምረኛል። ይህን አሳቤን ለረዳቱ ባጫውተው ገበያዬን ሊወስድብኝ ነው ብሎ ይደነግጣል ብዬ ነበር። ገመዱን እየፈታ፣

«ደሴ ድረስ ይወጣል እንዴ?» አለኝ።

«አይወጣም፤ ኮምቦልቻ ነው የሚቆመው።»

«አልሐምዱሊላህ! ታዲያ ይምጣ እንጂ ጋሼ፤ ከነሳይክላቸው ያምጣቸው። እኔ አወጣቸዋለሁ።» ሳይክሌን አውርዶ ካቀበለኝ በኋላ ጥቂት አሰበና ጨመረ፦ «ብቻ ያኔ ዋጋው በዚህ አይቀጥልም።»