አራሷ ጀበና ውስጥ ናት

ነፋስ መውጫ ተወልዶ ያደገ ሰው አዲስ አበባ ገብቶ ለዓሣ ማሞቂያ ሲገዛ፣ ዘመድ ሁሉ «በጤናው ነው?» ቢል አይፈረድበትም። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት በዚያች የላይ ጋይንት ከተማ ሰው ራሱ የሚሞቀው በጋቢ ነው። ሰውዬው ግን ሳሎኑ ውስጥ 80 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም የመስታወት ገንዳ አቁሞ፣ አሸዋ አንጥፎ፣ አኑቢያስና ጃቫ ፈርን የሚባሉ ተክሎችን አልብሶ፣ ሃያ ኒዮን ቴትራ ለቆበታል። ሃያዎቹም ያው አንድ ናቸው። ገንዳው አጃቢ ሞልቶት ሙሽራ አጣ።

ሙሽራ ፍለጋው ሲክሊድ ወደሚባለው ዘር ወሰደው። ዘሩ ለአገሩ ሰው ባዳ አይደለም፤ የጣናው ቆሮሶ ሲክሊድ ነው። እናቲቱ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች፣ ልጆቿ ሲደነግጡም መልሳ አፏ ውስጥ ትሰበስባቸዋለች። ሆኖም ቆሮሶ ታድጋለች፤ ያን ጊዜ ገንዳው ድስት ይመስላል።

ከስማዳ ለሕክምና የመጡት አክስቱ መጀመሪያ ገንዳውን ሲያዩ ጠበል መስሏቸው አማትበው ነበር። ኋላም «ለየትኛው ጾም ነው የምታደልባቸው?» አሉ። እንደማይበሉ ሲነገራቸው ጥፋቱን በወንዙ አሳበቡ። እውነትም ከጉና የሚነሡት ጉማራና ርብ ጣና ይገባሉ፤ ክረምት ሲሆን የጣና ነጭ ዓሦች በእነሱ ሽቅብ ወጥተው እንቁላል ይጥላሉ። የስማዳ ውኃ ግን በበሽሎ አድርጎ ዓባይን የሚያገኘው ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች ስለሆነ፣ ጣናን ሳይሳለም ሱዳን ይወርዳል። «ጉማራ የሚነካው የእስቴ ሰው ከዓሣ ጋር ይተዋወቅ ይሆናል፤ እኛ ምን እናድርግ?» አሉ።

አገር ቤት ትንሽ ሲክሊድ ጠፍታ አይደለም። አፋር፣ ከባሕር ወለል በታች ባለው አፍዴራ ሐይቅ ዳናኪሊያ የምትባል አለች፤ ጨው ስለለመደች ግን ከአኑቢያስ ጋር ትዳር አይሆንላትም።

ከውጭዎቹ ድንኮች ሦስት ታጩ። ራሚሬዚ ከቬኔዙዌላና ከኮሎምቢያ ናት፤ ሳይንሳዊ ስሟን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። በውበት የሚስተካከላት የለም፤ ነገር ግን ውኃው 28 ዲግሪ ገደማ ካልሆነ ታኮርፋለች፣ ቴትራዎቹ ደግሞ እሱን አይወዱም። የምዕራብ አፍሪካዋ ክሪቤንሲስ ጠንካራ ናት፣ ለመውለድ ስትነሣ ሆዷ እንሶስላ የሞቀች ይመስላል። ክፋቷ አሸዋ መቆፈሯና በወሊድ ሰሞን ጎረቤት ማባረሯ ነው።

ሦስተኛው፣ ከአማዞን የመጣው አፒስቶግራማ ካካቱኦይደስ አሸነፈ። ወንዱ 8 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ የጀርባ ክንፉ እንደ በቀቀን ጉትያ ቀጥ ይላል። ሴቶቹ ያነሱና ደብዛዛ ናቸው። አንድ ወንድ ከብዙ ሴቶች ጋር ይኖራል፤ እያንዳንዷ ግን የራሷ ዋሻና የራሷ ይዞታ አላት። ሰውዬው አንድ ወንድና ሦስት ሴት ገዛ።

«ሦስት ሚስት?» አሉ አክስቱ።

«አክስቴ፣ ሦስቱም ድንበር አላቸው እኮ።»

«ድንበር ካላቸውማ ሰው ናቸው።»

ዋሻ ሲጎድል አፋቸው የተሸረፈ ጀበናዎች ተቀቅለው ገቡ። በሦስተኛው ሳምንት አንደኛዋ ሴት እንደ አደይ አበባ ቢጫ ሆነች፤ የጀበናው አፍ ላይ ቆማ፣ እጥፏ የሚሆነውን ባሏን አባረረችው። ጉትያውን አጥፎ ማጣሪያው ሥር ተደበቀ። ሰውዬው ተጣሉ ብሎ መረብ ሊያነሣ ሲል አክስቱ እጁን ያዙት። «አንተ ልጅ፣ አራስ ቤት ወንድ ምን ይሠራል? ይልቅ ገንፎ አገንፉላት!»

የዚያን ዕለት ማታ መብራት ሄደ። ቴርሞሜትሩ ከ26 ተነሥቶ 23 ሲደርስ ሰውዬው ስልኩን አብርቶ መንቆራጠጥ ጀመረ። አክስቱ ምንም ሳይሉ ጋቢያቸውን አወለቁና ገንዳውን ዙሪያውን ጠቀለሉት። ከዚያ የእሱን ብርድ ልብስ ወስደው ተኙ። የነፋስ መውጫው ልጅ ካፖርቱን ደርቦ ሶፋው ላይ አደረ።