መታመም የማይችልበት በሽተኛ

በጤናዬም እምብዛም የምረባ ሰው አይደለሁም፤ መታመም ግን ጭራሽ አልችልበትም። ትርፍ አንጀቴ በወጣ ሰሞን ይህ በአደባባይ ተመሰከረ።

ሲስተሯ ትራስ አቀበለችኝ። «ሳል ወይም ማስነጠስ ሲመጣብዎት ቁስሉ ላይ አድርገው ጫን ይበሉት።» ሆድ ከውጭ ድጋፍ ካገኘ ስፌቱ ብዙ አይሳብም፣ ሕመሙም ይቀላል። እኔ ግን ጢማም ሰውዬ ትራስ አቅፎ ሲታይ ምን ይባላል ብዬ ወደ ግርጌ ገፋሁት። ሳል ደግሞ አስፈቅዶ አይመጣም። የመጀመሪያው ሲይዘኝ እመብርሃንን፣ እናቴንና ያንኑ ትራስ በአንድ ትንፋሽ ተጣራሁ።

አነሳስም አስተምረውኝ ነበር፤ ጉልበት አጥፎ በጎን መዞር፣ እግርን ከአልጋው ማውረድ፣ ከዚያ በክንድ ገፋ አድርጎ ቀና ማለት። የሽማግሌ አነሳስ ነው ብዬ ናቅሁት። በሆዴ ኃይል ቀጥ ብዬ ልነሳ ስል እንደተገለበጠ ጥንዚዛ ቀረሁ። በየሰዓቱ 10 ጊዜ ያህል በጥልቀት እንድተነፍስም ታዝዣለሁ፤ ቁስሉን ፈርቶ በአጭር በአጭሩ የሚተነፍስ ሰው የሳንባ ምች ያሰጋዋል። እኔ በጥልቀት የምተነፍሰው የሲስተሯ ኮቴ ሲሰማ ብቻ ነበር።

ትልቁ ኃጢአቴ ግን የጋዙ ነው። ሆድ ተከፍቶ አንጀት ሲነካካ፣ ማደንዘዣውም ሲታከልበት አንጀት ለጊዜው ሥራ ይፈታል፤ መንቃቱ ከሚታወቅባቸው ምልክቶች አንዱ ጋዝ መውጣቱ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ጠዋት ጠዋት ተማሪዎቹን አስከትሎ ይመጣና «ጋዝ ወጣ?» ይላል። የእኔ አንጀት ነቅቷል፤ በደንብ ነቅቷል። ምን ያደርጋል፣ አማቴ የአጥሚት ፔርሙዛቸውን ይዘው ራስጌዬ ተቀምጠዋል! የመጣውን ሁሉ ጥርሴን ነክሼ መለስኩት።

«የለም ዶክተር» አልኩ፣ ሆዴ እንደ ተነፋ።

«እንግዲያው ይራመዱ።» ይህ ለእግርም ደግ ነው፤ ደም እንዳይረጋ ይረዳል። እኔ ግን ያየሁት ሌላ ጥቅሙን ነው፤ ኮሪደሩ ረጅም፣ አማቴም ሩቅ። ከዚያ ወዲያ ማን ያስቀምጠኝ! ሲስተሯ በየአልጋው እየዞረች «እሳቸውን አታዩም? መበርታት እንዲህ ነው!» ትል ጀመር። ምስጋናውን አንገቴን ደፍቼ ተቀበልኩ።

አማቴ ይህን ሰምተው ኮሩ። ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱና ክንዴን ያዙ፤ «በል ልጄ፣ ዛሬስ እኔው ደግፌህ እንሄዳለን።»