የሞተ መኪና ያጸድቃል ወይ?

ምጽዋትም በደረሰኝ ሆነ። የሰጡትን ማውራት ነውር ነው እየተባልን ያደግን ሰዎች፣ ዛሬ ሰጪው ከተቀባዩ ቀድሞ እጁን ሲዘረጋና «ወረቀቴን!» ሲል እያየን እናረጃለን። ይህን የምለው ከቅናት አይደለም። ቅናት ቢሆንስ? ሽማግሌ ቢቀና ማን ይከለክለዋል?

ነገሩን የጀመረብኝ ቨርጂኒያ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ነው። ለበዓል እንኳን አደረሰዎ ሊለኝ ደወለና ወሬ ሲያልቅበት፣ «ጋሼ፣ መኪናዬን ለበጎ አድራጎት ሰጠኋት» አለኝ።

«እግዜር ይስጥህ! የትኛዋን?»

«ያቺን ካምቢዮዋ የተበላውን ኮሮላ።»

ካምቢዮ የሌላት መኪና ለየትኛው ችግረኛ ትሆናለች ብዬ ጠየቅሁት። ነገሩ ለካ ሌላ ነው። ስልክ ይደወላል፤ ጎታች መኪና ያለ ክፍያ መጥቶ ሬሳውን ጭኖ ይሄዳል፤ በጨረታ ይሸጣል፤ ሻጩ ኩባንያ ድርሻውን ይወስድና የቀረው ለበጎ አድራጎት ድርጅቱ ይገባል። ሰጪው ደግሞ ከግብሩ ይቀነስለታል ይባላል። አቤት! እኛ ጓሯችንን ለማስጠረግ እንከፍላለን፤ የእነሱን ጓሮ መንግሥት መርቆ ያስጠርግላቸዋል።

እኔም እኮ የሞተ መኪና አለኝ። ላንድሮቨሬን የማያውቅ ሰው ወረታ ከተማ አደግሁ ቢል አትመኑት። ስንት ሙሽራ ከነሚዜዎቿ ተሸክሟል፤ ከሐሙሲት፣ ከይፋግ ስንት ኩንታል ሩዝ አምጥቷል። በመጨረሻ ዘመኑ በቁልፍ መነሣቱን እርግፍ አድርጎ ትቶ በስፒንታ ብቻ ሆነ። የሰፈሩ ጎረምሳ ትከሻው የደነደነው በእሱ ነው። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ሁሉ ጣና በመሰለበት አንድ ክረምት ውሃው እስከ ወንበሩ ገባ፤ ሞተሩ ነከሰ። ከዚያ ወዲህ ዋልካው በየክረምቱ ትንሽ ትንሽ እየዋጠው አሁን ጎማው ተቀብሮ ቼርኪዮው ብቻ ብቅ ብሎ ይታያል። ኮፈኑ ሥር ዶሮ ታቅፋለች፤ ራዲያተሩ ላይ ጭድ ጎዝጉዛ፣ ሰው ሲቀርባት በዲናሞው በኩል አንገቷን አውጥታ ትቆጣለች።

ሞቷል የምለው ግን እኔ ብቻ ነኝ። ለቀጥቃጩ አልሞተም፤ ባሌስትራውን ማረሻና ማጭድ ሊያወጣበት ስንት ጊዜ ለምኖኛል። ድስት ለሚያቀልጠው ልጅም አልሞተም፤ የላንድሮቨር ገላ አሉሚኒየም መሆኑን ከእኔ በላይ ያውቃልና በሩን በጥፍሩ ኳኳ አድርጎ በዓይኑ ስንት ድስት እንደሚወጣው ይቆጥራል። ባለጋሪው ቼርኪዮውን፣ ሸበጥ ሠሪው ጎማውን፣ ጫኙ ካላማዳሪያውን፣ የገዛ ልጄ የኋላውን ወንበር ለሱቁ በረንዳ ይፈልጋሉ። ቁራሌው በየሳምንቱ አጥሩ ሥር ሲደርስ ድምፁን ከፍ የሚያደርገው ለእኔ ብሎ ነው። አዲስ አበባ ቢሆን ሶማሌ ተራ አንዲት ብሎን ሳትቀር አውጥቶ፣ የተረፈውን ለምናለሽ ተራ ባስረከበ ነበር። በዚህ አገር መኪና አይሞትም፤ ይበተናል።

ደግሞስ ለምን ይሞታል? በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጭኖበት፣ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ከነጭራሹ እንዳይገባ ተብሎ፣ አንዲት ያረጀች ቪትዝ ከሚሊዮን ብር በላይ በምትጠራበት አገር ማን ነው ኮሮላ የሚመጸውተው? ካምቢዮዋ ቢበላ ካምቢዮ ይፈለግላታል። ጠፍቶ ከሌላ መኪና ቢገጠምላት እንኳ ትሄዳለች።

ያም ሆኖ የልጁ ወሬ ልቤን ነካው። ወጣቶች ጋራዥ የሚማሩበት አንድ ማሠልጠኛ አለ፤ ሞተር ፈትተው የሚገጥሙበት ያጣሉ ሲባል ሰምቻለሁ። ለእነሱ ብሰጠውስ? የእኔ ላንድሮቨር ነክሶ የቀረ ሞተር፣ የዛገ ፍሪሲዮን፣ ያበጠ የፍሬን ጎማ ሁሉ በአንድ ላይ አለው፤ የሦስት ዓመት ትምህርት ነው። ግብሬም ትንሽ ቢቀልልኝ ማን ይጠላል?

የሒሳብ አያያዝ ትምህርት የጨረሰ የጎረቤት ልጅ ጠራሁ። እሱም ስልኩን ከፍቶ አነበበልኝ። አለ፤ ሕጉ እኛም ዘንድ አለ! የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ነጋዴ ለኢትዮጵያ የበጎ አድራጎት ድርጅት የሰጠውን፣ ወይም መንግሥት ለተፈጥሮ አደጋና ለመሰለው ችግር ጥሪ ሲያደርግ ያዋጣውን ከሚገበርበት ገቢ ላይ እንዲቀንስ ይፈቅዳል። ጣሪያው የዓመቱ ግብር የሚከፈልበት ገቢ 10 በመቶ ነው። ደስ አለኝ፤ ልጁን ቡና ጠጣልኝ አልኩት። እሱ ግን ማንበቡን አላቆመም፤ የዛሬ ልጅ የት ላይ ማቆም እንዳለበት አያውቅም።

«አባባ፣ ማሠልጠኛው የመንግሥት ነው፤ የበጎ አድራጎት ድርጅት አይደለም።»

እሺ፣ ለበጎ አድራጎት እሰጣለሁ።

«እርስዎ ደግሞ ደረጃ ሐ ነዎት።»

ይሄኔ ቡናው መረረኝ። አዋጁ በ2017 ከመሻሻሉ በፊት ዓመታዊ ሽያጩ 500 ሺህ ብር የማይሞላ ሰው ደረጃ ሐ ይባል ነበር፤ የሒሳብ መዝገብ ያዝ አይባልም ነበር፤ በየሐምሌው ቁርጡን ይነግሩታል፣ ይከፍል ነበር። መዝገብ ከሌለ ደግሞ ወጪ የለም፤ ወጪ ከሌለ ተቀናሽ የለም። የእኔ ትንሽ የሩዝ መፈልፈያ መቶ ላንድሮቨር ብትመጸውት ቁርጧ ያው ቁርጧ ነው። ደመወዝተኛውም ከእኔ አይሻልም፤ ግብሩ ከደመወዙ ላይ ተቆርጦ ስለሚቀር ስጦታውን የሚጠይቀው የለም። እንግዲህ መንግሥት ቸርነቱን የሚቆጥርለት መዝገብ ያለውን ሰው ብቻ ነው። የበጎ አድራጎት ድርጅቱ መቄዶንያ «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» ይላል፤ እግዜር ይስጠው። ለግብር ቅናሹ ግን ሰው መሆን አይበቃም ነበር፤ ቢያንስ ደረጃ ለ መሆን ያስፈልግ ነበር።

«ደረጃ ሀ ብሆንስ ኖሮ?» ብዬ ሞገትኩት። ልጁ ሳቀ። መኪና በመዝገብ ላይ በየዓመቱ 15 በመቶ ያረጃል አለኝ፤ ሰባት ዓመት ሳይሞላው ዋጋው ዜሮ ይሆናል። እንግዲህ ተመልከቱ፦ በሒሳብ ቢሆን ላንድሮቨሬ ገና ሙሽራ ሲያመላልስ ሞቷል። በጓሮዬ ሞቷል። አንድ ቦታ ብቻ በሕይወት አለ፤ ሰሌዳውን በሰጠው መሥሪያ ቤት። ቅናሹ ቢቀርም ስሙን ለማሠልጠኛው ላዛውር ብዬ ሄድኩ። ሊብሬ አሉኝ፤ አቀረብኩ። ከዕዳና ከእገዳ ነፃ አሉኝ፤ እሺ አልኩ። ቀጥሎ አንዱ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ፣ «መኪናውን ይዘው ይምጡና ይመርመር» አለኝ።

«ልጄ፣ መምጣት ቢችልማ ለምን እሰጠው ነበር?»

«ሳይመረመር አይዛወርም።»

የቆመ መኪና ይዛችሁ ኑ የሚል ሰው ላይ መቆጣት ለጤና ጥሩ አይደለም። ደግሞ የዚያ መሥሪያ ቤት ግቢ ራሱ መካነ መቃብር ነው፤ ጎማቸው የወለቀ፣ መስታወታቸው የረገፈ የመንግሥት መኪኖች ሣር በቅሎባቸው ኮሚቴ ይጠብቃሉ። ለራሱ ሬሳ ቀብር ያላገኘ ለእኔ ያገኝልኛል ብዬ መሄዴ ምን ይባላል?

ተናድጄ ለእህቴ ልጅ ደወልኩ። «በል ንገረኝ፣ ስንት ቀነሱልህ?» ዝም አለ። የአሜሪካ ዝምታ ደግሞ በደቂቃ ያስከፍላል። በኋላ ሲናገር፣ ግብር የሚሠራለት የአገር ልጅ የነገረውን ነገረኝ። አሜሪካ እያንዳንዱ ቤተሰብ ምንም ሳይጠየቅ የሚቀነስለት አንድ ወጥ ልክ አለው፤ በእነሱ 2024 ለባልና ሚስት 29,200 ዶላር ነበር። ሰው ወይ ይህን ይወስዳል፣ ወይ ስጦታውን፣ የቤት ዕዳ ወለዱን፣ ሌላውንም አንድ በአንድ ይዘረዝራል፤ ሁለቱን አንድ ላይ አይወስድም። የእሱ ዝርዝር ከዚያ ልክ አይደርስም። አብዛኛው ሕዝብም አይደርስም። ስለዚህ ኮሮላዋ ሄደች፤ ቅናሹ ዜሮ።

«ቢደርስስ ኖሮ?» አልኩት። ኮሮላዋ ከ500 ዶላር በታች ነው የተሸጠችው። እንዲህ ሲሆን የሚጠየቀው፣ መኪናዋ ያን ያህል የምታወጣ ከሆነ፣ ቢበዛ 500 ዶላር ነው። እሱም ከግብሩ ሳይሆን ከገቢው ላይ ነው የሚቀነሰው፤ 22 በመቶ የሚከፍል ሰው ከዚህ የሚተርፈው 110 ዶላር ነው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። እዚሁ ፎገራ ላይ ቆሜ፣ የአገሩን የወተት ላም እያየሁ፣ ቨርጂኒያ ያለችውን የሰማይ ላም ስመኝ ከርሜያለሁ።

ድሮ እንዲህ አልነበረም አለኝ፤ እሱም እንደኔ «ድሮ» ማለት ጀምሯል። በፊት ሰጪው የዋጋ መጽሐፍ ገልጦ፣ ደህና መኪና የሚያወጣውን ዋጋ ለሬሳው ጽፎ ይቀንስ ነበር። በእነሱ 2003 የምክር ቤታቸው ኦዲተሮች 54 የተሰጡ መኪኖችን ተከታትለው ቢያዩ፣ ከሦስት ሁለት እጅ ያህሉ ላይ ድርጅቱ ያገኘው ሰጪው ከጻፈው ዋጋ 5 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ሆኖ ተገኘ። ወይ ጉድ! ዘጠና አምስቱ የተመጸወተው ለራስ ነው። በ2004 ሕግ ወጣ፤ ከ2005 ጀምሮ ከ500 ዶላር በላይ የሚጠይቅ ሰው በጨረታው በተሸጠበት ዋጋ ልክ ብቻ እንዲቀነስለት ሆነ፤ ድርጅቱም 1098-ሲ የሚባል ቅጽ ሞልቶ ለሰጪው ይልካል። አንዲት ነገር ግን ወደድኩላቸው፦ ድርጅቱ መኪናውን ራሱ በደንብ ከተገለገለበት፣ አሠርቶ ካሻሻለው ወይም ለድሃ በነፃ ወይም በርካሽ ከሰጠው ሰጪው የገበያውን ዋጋ ይቆጠርለታል። ይህቺን የጻፈው ሰው ልብ አለው።

እኛም ስንሰጥ ኖረናል እኮ። በ1998 ክረምት ጎርፉ የፎገራን ሰው ከቤቱ ሲያወጣው እህሉንና ብርድ ልብሱን ያዋጣው ጎረቤት ለማን ደረሰኝ አስቆረጠ?  በደርግ ጊዜ ሰሜን ኮሪያውያን መጥተው ሩዝ አሳዩን፤ ዛሬ ወረታ የምትበላው፣ የምትፈለፍለው፣ የምትዳረው በዚያ ሩዝ ነው። የእኔም ቁርጥ ግብር የሚከፈለው ከዚያው ነው። ሰዎቹ ፒዮንግያንግ ሲመለሱ ከግብራችን ቀንሱልን ማለታቸውን አልሰማሁም።

ወረታ ባሕር ሳይኖራት ደረቅ ወደብ የተሠራላት ከተማ ናት። የባሕር ዳርና የጎንደር መንገድ፣ ቻይና የሠራው የወልድያ መንገድ እዚሁ ይገናኛሉ፤ መኪና ሲገባባት፣ ሲያልፍባት ይውላል። የሞተ መኪና የሚወጣበት በር ግን የላትም። አቤቱታዬ አጭር ነው፦ ሕግ አውጪዎች ሆይ፣ ለሙያ ማሠልጠኛ የተሰጠ የሞተ መኪና ባለበት ቦታ ይመርመር፤ ስሙም በቀላሉ ይዛወር፤ ቁርጥ ከፋዩም የሰጠው ነገር ይቆጠርለት። አሥር በመቶው ቢቀር እንኳ አንድ የምስጋና ወረቀት ይጻፍለት፤ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል።

እስከዚያው ላንድሮቨሩን የሚፈልግ ማሠልጠኛ ካለ በሩ ክፍት ነው። አካፋ፣ ጎታች መኪናና የንብረት ገቢ ደረሰኙን ሞዴል 19 ይዞ ይምጣ። ዶሮዋ በስጦታው ውስጥ የለችበትም።